በሬ በማይጠመድበት ቀን

የካ፣ የካቲት 11 ቀን 1879 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለአባይነህ፤

እንደምን ከርመሃል? የመንገዱ ቆላ አልጎዳህም? እኔ ደህና ነኝ፣ አባቴም ደህና ናቸው፣ በሬህ ዳልቻም ደህና ነው። በሬውን ከአባቴ አጠገብ መጥራቴን አይተህ እንዳትስቅ፤ በደብዳቤህ ከእኔ ደኅንነት በፊት የጠየቅከው የእሱን ስለሆነ ነው።

በሰው ፊት አንቱ እንደምልህ ታውቃለህ። ወረቀት ላይ ግን ብዕሩ እምቢ አለኝ። አባቴ ፊት ተቀምጠን አንድ ዳዊት ለሁለት ስንደግም አንተ ነበርክ፤ ስትሳሳትም በክርኔ እጎሽምህ ነበር። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም፣ አብዛኛውንም አንተ ዘመቻ ላይ ነህ። አንቱን የምለምድበት ጊዜ መቼ አገኘሁና?

ስለ እህሉ የጠየቅከኝን ልመልስ። ገብሱን በጅጌ አጨድነው። ጎበዝ የተባለ ሁሉ ከጦሩ ጋር ስለወረደ ጅጌው የሴት ብቻ ነበር። የኢዶሳ ሚስት ዲንቄ፣ ጂቱ፣ ብዙነሽና እኔ ከማሳ ማሳ እየተዘዋወርን አጨድን፣ ወቃን፣ ጎተራ አስገባን። ስንዴ የሚዘራበትን መሬት ማን ያርሰዋል ላልከው፣ ሰው አግኝተናል። ጎበዝ ነው ባልልህም ይለምዳል። ስሙን ስትመጣ ትሰማለህ።

በበዓል ቀን ቤት ተቀምጠሽ ትቆዝሚያለሽ ወይ ላልከኝም፣ አልቆዝምም። አንተ እያለህ በዓል ማለት ለእኔ አስቀድሶ መጥቶ እንግዳ ማስተናገድ ነበር። አሁን እንግዳ ሊሆን የሚችለው ሁሉ ሐረር ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ ቀበና እንወርዳለን። ጂቱ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የገበጣ ጉድጓድ ፈልፍላለች። ዲንቄ ጠጠር ትሰርቃለች፤ ስትያዝ ኦሮምኛውን ታወርደውና ምንም ያላጠፋች ትመስላለች። ብዙነሽ ፀጉር ትሠራለች፣ እየሠራችም ሰው ታማለች፤ የሚታማው ሰው ከበዛ ሹሩባው እየቀጠነ ይሄዳል። እኔ ሣሩ ላይ እተኛለሁ። በቀን መተኛት እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ነገ ሚካኤል ነው፣ እንወርዳለን። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የበቅሎ ነጋዴው ሂርጳ ከበዓሉ በኋላ ይነሳል። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንዴው ሳይዘራ ድረስልኝ።

ፈትለወርቅ ወልደ ኢየሱስ


ሐረር፣ መጋቢት 20 ቀን 1879 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈትለወርቅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሂርጳ ገና ጭነቱን ሳያራግፍ ነው የሰጠኝ። ምነው ሰጥቶኝ ዝም ባለ!

ሰፈሩ ተሰብስቦ ምሳ ሲጠብቅ፣ «የአባይነህ ሚስት በሚካኤል ዕለት ቀበና ላይ የፎከረችውን ልንገራችሁ» ብሎ ተነሳ። የበቅሎ መንጃ ዱላውን እንደ ጦር እየሰበቀ፣ ድምፁን አቅጥኖ እንዲህ አለ፦

ዘራፍ!
ጀግናው ሐረር ወርዶ ጠላት ሲያባርር፣
እኔ የካ ሆኜ ጓል ስሰባብር፣
እንግጫው ሸሸልኝ ገብቶበት ሽብር፣
ሙጃው ተማረከ ሳልተኩስ አረር!

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። አለቃችን ሳይቀር እንባውን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ልቀዳ ብነሳ «ሙጃው ተማረከ» ይሉኛል፣ ፈረስ ላጠጣ ብሄድ «ሙጃው ተማረከ» ይሉኛል። ያልሳቀው ኢዶሳ ብቻ ነው።

ሰው ያልሠራውን አይፎክርም፤ ቢፎክርም ምስክር አምጣ ይባላል። ስለዚህ ጓል የሰባበርሽው እውነት ነው ማለት ነው። ያ «ሰው አግኝተናል» ያልሽኝ ሰው አንቺው ነሽ ማለት ነው። እርፍ ጨብጠሻል? ሴት እርፍ ስትጨብጥ በየካም፣ በእንጦጦም፣ በአባቴም አገር አላየሁም። ሰው ምን ይላል? አባትሽ መርጌታስ ምን አሉ? እኛ እዚህ ጓደኞቻችንን ቀብረን እጃችንን ሳንታጠብ፣ እናንተ እዚያ ወንዝ ዳር ዘራፍ ትላላችሁ። እንዲህ ብዬ ልጽፍልሽ አልፈልግም ነበር፤ ግን ከሆዴ አልወጣ አለኝ።

መቼ ትመጣለህ ላልሽው፣ የሚመለሰው ጦር ተነስቷል። እኔ በፈቃዴ ቀርቻለሁ። ኢዶሳም ከእኔ ጋር ቀርቷል። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ተቆጥቼ ጀመርኩት እንጂ ተቆጥቼ አልጨርሰውም። ቀን ቀን መተኛትሽን ወድጄዋለሁ። ሣሩ ላይ ስትተኚ ግን ጋቢ አንጥፊበት፤ የቀበና ዳር ርጥበት ወገብ ይይዛል። ዲንቄንም ገበጣ ላይ አትመኛት።

አባይነህ


የካ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1879 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባይነህ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ደብዳቤህን ካነበብኩት ሰንብቻለሁ። ወዲያው ብመልስ ኖሮ ክፉ እጽፍልህ ነበር፤ ሑዳዴ እስኪፈታ ብዬ ታገስኩ።

አዎ፣ እርፍ ጨብጫለሁ። ሰው ቀጥሬ ነበር፤ ጥር ሳያልቅ እሱም ጦሩን ተከትሎ ወረደ። ዳልቻ አንድ በሬ ነው፣ የዲንቄ ቤት ጉራቻም አንድ በሬ ነው። አንተና ኢዶሳ በመቀናጆ ስታርሱባቸው ስለኖራችሁ በሬዎቹ ለሥራው አዲስ አይደሉም። የጎደለው ከኋላቸው የሚቆም ሰው ነበር። ቁጭ ብዬ መሬቱን ሙጃ ሲውጠው ልይ እንዴ?

አባቴ ምን አሉ ላልከው፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ገብተው መጽሐፍ ሲያገላብጡ ዋሉ። ሴት እርፍ አትጨብጥ የሚል ቃል አላገኘሁም፣ ግን ሰው ሲያይሽ አፍራለሁ አሉኝ። በማግስቱ ማሳው ዳር ስደርስ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ዳዊታቸውን ይዘው ቆመዋል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግማሉ። ሰዉ የሚመስለው መርጌታ መሬት እየባረኩ ነው። እኔ ከበሬ ኋላ ምን እሠራ እንደሆነ ማን ልብ ይላል? ጸሎት ላይ የቆመን መርጌታ አቋርጦ የሚጠይቅ አልተገኘም።

አሁን ስለ ሳቃችን ልንገርህ፤ የጎዳህ እሱ ይመስለኛል።

እኛ ቤት በሰንበት፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለወልድ በሬ አይጠመድም። የዲንቄ አማት ኦቦ ፈዬራ ደግሞ በአያቶቻቸው ሥርዓት አርብ አርብ ጉራቻን አያስነኩም። በሬዎቹ ጥንድ ስለሆኑ ያንዱ በዓል የሌላውም በዓል ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ ሳንጣላ የሁለታችንንም ቤት በዓል ያስከብሩናል። ዲንቄና እኔ ጎረቤት ሆነን ስንኖር እሳት ከመጫጫር በቀር ምንም አናወራም ነበር። ሥራው አይደለም ያቀራረበን፣ ሥራ መፍታቱ ነው። ከማሳው ስንመለስ ለመነጋገር አቅም የለንም፤ በማግስቱ ቀበና ዳር ግን አፋችን አይዘጋም። እኔ ኦሮምኛ እየተማርኩ ነው። እስካሁን የማውቀው ስድቡን ነው፣ አስተማሪዬ ዲንቄ ናትና።

የሚካኤል ዕለት ብዙነሽን ሹም አደረግናት። ጨርቅ ተጠምጥሞላት ድንጋይ ላይ ተሰየመችና «ግዳያችሁን ቁጠሩ!» አለች። ጂቱ ከጎተራዋ ሥር ስለገደለቻት አይጥ ፎከረች፤ አይጧ ስትሞት የአንበሳ ያህል ሆነች። ዲንቄ በኦሮምኛ ፎከረች፣ ግማሹን አልገባኝም፣ ሳቄ ግን ሊገድለኝ ነበር። ተራው የእኔ ሲሆን ያንን አልኩ። ሂርጳ በቅሎ ሊያጠጣ መጥቶ ከቁጥቋጦው ጀርባ መቆሙን አላየንም።

የዚያን ዕለት መዳፌ ቆስሎ ቅቤ ተቀብቶ ታስሮ ነበር። የጂቱ ወንድም መሞቱ ከተረዳ አርባው ገና አልወጣም። እንዲህ ሆነን ነው የሳቅነው። ከሳቅን በኋላ ደግሞ ማንም ማንንም አላየም። ያኔ የማስበው አንተን ነበር። ፉከራው ውስጥ ሐረርን ያስገባሁት ስምህን በሰው ፊት መጥራት ስላፈርኩ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አለቃችሁ ሊስቅበት ይችላል፤ አንተ ግን ሊገባህ ይገባ ነበር።

በፈቃዴ ቀረሁ ያልከኝን ግን እኔም አልገባኝም። የብዙነሽ ወንድም ተመልሷል። ስላንተ ስጠይቀው ደህና ነው ይለኛል፣ ሲለኝም መሬት መሬት ያያል። ዲንቄም ኢዶሳ ለምን እንደቀረ የሚነግራት አጥታለች። አፈርክብኝ? ሌላ ሴት አገኘህ? ታመሃል? ከሦስቱ አንዱን ጻፍልኝ። የትኛውም ቢሆን ዝም ከማለትህ አይከፋም።

ሚስትህ ፈትለወርቅ


ዝቋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 1879 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈትለወርቅ፤

ከየት እንደጻፍኩልሽ ስታዪ ትደነግጫለሽ። ሰማዩ ሲጠራ ከማሳችን ራስ ላይ የሚታየው ተራራ ላይ ነኝ። አንቺ ቀና ብትዪ የምታዪኝ ይመስለኛል። ከመጣን ሰንብተናል። ኢዶሳ ቤቱ ይግባ ብዬ ይህን አሲዤ ሰድጄዋለሁ።

ከሦስቱ አንዱን ጻፍ ብለሽኛል። አንዱም አይደለም። ግራ እጄ ከክርኔ በታች የለም። ጥር ሳይገባ ነው የሆነው። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፣ ኢዶሳንም አትጠይቂው፤ ተሸክሞ ያወጣኝ እሱ ነው፣ ሲያወራው ያመዋል። ቁስሉ እስኪደርቅ ቆየ፣ ትኩሳቱም ቆየ፣ እሱም አብሮኝ ቆየ። የምጽፍበት እጅ ቀኙ ስለሆነ በጽሕፈቴ አላወቅሽብኝም። በዚህ ተመክቼ ሁሉን ደበቅኩሽ።

በፉከራሽ የተናደድኩት ሰው ስለሳቀ አልነበረም። ሂርጳ «ጓል ስሰባብር» ሲል እኔ የማስበው ከእንግዲህ ማረስ እንደማልችል ነበር። አንዱ እጅ እርፍ ይይዛል፣ ሌላው ጅራፍ ይይዛል። የእኔ አንዱ የት አለና? ቅናት ነበር፣ ፈትለወርቅ። በገዛ ሚስቱ የሚቀና ባል አይተሽ ታውቂያለሽ? በበዓል ቀን ከወንዝ ዳር ስትስቂ አሰብኩና፣ እኔ ስመጣ የሚጠፋ ሳቅ መሰለኝ። አንድ እጅ የቀረውን ሰው የምታስታምሚ፣ የምታርሺለት፣ እንጀራም የምትቆርሺለት ልትሆኚ ነው።

ስለዚህ እዚሁ ልመንኩስ ብዬ አበምኔቱን ለመንኩ። መጻፍ እችላለሁ፣ መጽሐፍ እገለብጥላቸዋለሁ። ሽማግሌው ሰሙኝና «ባለትዳር ነህ?» አሉኝ። በቁርባን ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ያለ ሚስትህ ፈቃድ ቆብ አልጭንልህም» አሉኝ።

የምለምንሽ ይህንን ነው። ፈቃድሽን ላኪልኝ። መሬቱም፣ ዳልቻም፣ ቤቱም ያንቺ ነው። ሂርጳ በሰኔ መጨረሻ በዚህ ያልፋል፣ መልሱን ለእሱ ስጪው። እምቢ አትዪኝ፤ አስቤበት ነው።

አባይነህ


የካ፣ ሰኔ 23 ቀን 1879 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባይነህ፤

አልፈቅድም።

ቀድሜ የጻፍኩት ደብዳቤውን አንብበህ እስክትጨርስ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አሁን ሰላምታውን ልበል፤ እንደምን አለህ? ክርንህ ላይ ብርድ ሲሆን ያምሃል ይሉኛል፣ እውነት ነው? ሱፍ ጠቅልልበት። ዝቋላ ላይ ነፋስ እንደሚበዛ ከዚህ ሆኜ በደመናው አየዋለሁ።

ኢዶሳ ሲመጣ ዲንቄ በሩ ላይ አይታው አልጮኸችም፣ አልሳቀችም፤ የያዘችውን እንስራ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ ከኋላው አንተን ፈለግኩ። ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ገባኝ። ሳነብ ሰው እንዳያየኝ ከጎተራው ኋላ ሄድኩ። ስለ እጅህ አለቀስኩ። አልዋሽህም፣ በጣም ነው ያለቀስኩት፤ ዳዊቱን ስትገልጥ ገጹን ተጭነህ የምትይዝበት እጅ ነው፣ አውቀዋለሁ። አልቅሼ ስጨርስ ተናደድኩ። እስካሁን አልበረደልኝም።

ለአባቴ ነገርኳቸው። እምቢ ብል ነፍሱን እንደማሰናከል ይቆጠርብኛል ወይ አልኳቸው። አንተን ያስተማሩህ እሳቸው ናቸውና ለእሳቸውም ከብዷቸዋል። በኋላ «ፈቃድ የሚጠየቀው እምቢ ማለት ስለሚቻል ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም።

አሁን ሥራውን ልንገርህ፣ አታውቀውምና። እኔና ዲንቄ ስናርስ አይተኸን አታውቅም። ፉከራው ላይ አንድ ጀግና አስመስዬ ተናገርኩ እንጂ ለብቻ ማረስ አቅቶን ነበር። መጀመሪያ ቀን እርፉ እኔን ይዞኝ ሄደ እንጂ እኔ አልያዝኩትም። ስለዚህ ለሁለት አደረግነው። አንዳችን እርፉን እንጨብጣለን፣ አንዳችን ጅራፉን ይዘን ከጎን እንሄዳለን። ሲደክመን እንቀያየራለን። ማሳችንን ሁሉ እንዲህ ነው ያረስነው። ትልማችን መጥፎ አይደለም፤ ኦቦ ፈዬራ ዞረው ዞረው አዩትና ምንም እንከን ሲያጡ በሬዎቹን አመሰገኑ።

ኢዶሳ መጥቷል። ዲንቄ ከእንግዲህ ከባሏ ጋር ናት፤ በእኔም በኩል ደስ ብሎኛል። በሬውን አይከለክሉኝም፣ ሰው ግን ጎድሎኛል። ስንዴው ሊዘራ የመጨረሻው እርሻ ይቀረዋል። ጅራፉን እኔ እይዛለሁ። የሚያስፈልገኝ እርፉን የሚይዝ አንድ እጅ ነው። አንድ፣ አባይነህ። ሁለት ይዘህ ብትመጣም ሁለተኛው ሥራ ፈትቶ ነበር የሚውለው።

ሳቅሽ ይጠፋል ብለሃል። አንተ ስትመጣ የማለቅስባቸው ቀናት ይኖራሉ፤ አይኖሩም ብል አታምነኝም። ቁስልህንም አጥባለሁ፣ ትነጫነጭብኛለህ፣ እነጫነጭብሃለሁ። ግን በሬ በማይጠመድበት ቀን አንተ ዝቋላ ላይ መጽሐፍ ስትገለብጥ፣ እኔ እዚህ ቀና ብዬ ተራራ ሳይ ልኖር ነው? እሱን አልችልም። ገበጣ የሚጫወቱት በአንድ እጅ ነው። ዲንቄ ብትሰርቅህ ግን በአንድ እጅህ ልትመታት አትችልም፣ እሷ ፈጣን ናት።

ለአበምኔቱ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ጠይቀህ ና ስላሉህ እጃቸውን ሳምልኝ። ልጃቸው አልፈቅድም አለች በላቸው።

ፈትለወርቅ


አቃቂ ማዶ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1879 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈትለወርቅ፤

ደብዳቤሽን ለአበምኔቱ አነበብኩላቸው። «ልጃቸው አልፈቅድም አለች» ከሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ባርከው ሰደዱኝ።

እዚህ የደረስኩት ትናንት ነው። ወንዙ ሞልቷል። ይህን ወረቀት ወይፈን የሚያህል ዋናተኛ ራሱ ላይ አስሮ ያሻግርልኛል፤ እኔ ግን በአንድ እጅ አልዋኝም። ተመለስ ተመለስ የሚል ነገር መጣብኝ። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ጫማዬን አስሬ ተነስቼም ነበር።

ዝናቡ ማሳውን ጭቃ ስላደረገው ዛሬ በዚህ አገር በሬ አልተጠመደም። ወጣት ሴቶች ከወንዙ በላይ ካለችው ምንጭ ዳር ወርደው ጋቢ ያጥባሉ። ባሎቻቸው እስካሁን ያልተመለሱ ናቸው፤ እጃቸውን ስመለከት እነሱም እርፍ የጨበጡ መሰለኝ። አንዷ «ወንድሜ፣ እጅጌህን ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ። ለሰው በአፌ ነግሬ አላውቅም። ነገርኳት። ከንፈሯን ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ የረጠበውን ጋቢ አንዱን ጫፍ አንስታ ሰጠችኝ። «እንግዲያው በዚያኛው ያዝልኝ፣ ጓደኛዬ ሰነፍ ናት» አለች። እሷ ከወዲያ ጠመዘዘች፣ እኔ ከወዲህ ጠመዘዝኩ። ውሃው በመካከላችን ወረደ። ጋቢ ለብቻው የሚጨምቅ ሰው እንደሌለ ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁ ልብ ብዬ አላውቅም። ሁለተኛውን ሰጠችኝ፣ ሦስተኛውን ሰጠችኝ። ፈትለወርቅ፣ ሳቅኩ። ጎረቤት አገር እስኪሰማ ነው የሳቅኩት።

አሁን ጋቢዎቹን ድንጋይ ላይ አስጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ምን እንደምጽፍ ይጠይቁኛል። ለሚስቴ ነው አልኳቸው። ነገ ውሃው ከጎደለ እሻገራለሁ። ካልጎደለ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ ሆነው፣ ወገቤን በገመድ አስረው ሊያሻግሩኝ ነው።

እሺ ብያቸዋለሁ።

አባይነህ